በኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ሹመት አዛዥ ስለ መሆን

በቢላ፥ በጊምቢ፥ በነቀምትና በሌሎቹም የወለጋ ከተሞች የሚሠራ ነጋዴ የቡናውን፥ የሰሊጡንና የማሩን ሒሳብ በወፍራም መዝገብ ብቻ ይጽፍ የነበረበት ዘመን እያለፈ ነው። ዛሬ የደንበኞች ዕዳ፥ የባንክ ደብዳቤና የጉምሩክ ሰነድ በኮምፒዩተር ይቀመጣል። ስለዚህ ለመዝገቡ ያደርግ የነበረውን ጥንቃቄ ለኮምፒዩተሩም ማድረግ ይገባዋል። መስከረም 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የቪኤምዌር ጉድለት ለዚህ መልካም ትምህርት የሚሰጥ ስለ ሆነ፥ አሠራሩን ለአንባቢዎቻችን እናስረዳለን።

አንድ ሰው ሰፊ ግቢውን በክፍል ከፋፍሎ ለብዙ ተከራዮች እንደሚያከራይ ሁሉ፥ አንድ ትልቅ ኮምፒዩተርም በልዩ ፕሮግራም ተከፋፍሎ እንደ ብዙ ኮምፒዩተሮች ሊሠራ ይችላል። በአንደኛው ክፍል ሒሳብ፥ በሁለተኛው ደብዳቤ፥ በሦስተኛው የመጋዘን ዕቃ ቁጥጥር ይከናወናል። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ተጠቃሚዎችና የራሱ አዛዥ አለው። ይህን ዓይነቱን ፕሮግራም በሰፊው ከሚያቀርቡት አንዱ በ1990 ዓ.ም. በአሜሪካ የተቋቋመው ቪኤምዌር ሲሆን፥ በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ ገዝቶታል።

በየክፍሉ ውስጥ ቪኤምዌር ቱልስ የሚባል ረዳት ፕሮግራም ይቀመጣል። ከተግባሮቹም አንዱ በክፍሉ ውስጥ የትኞቹ አገልግሎቶች እንደሚሠሩና እትማቸው ስንተኛ እንደ ሆነ መዝግቦ፥ አሪያ ኦፕሬሽንስ ለሚባለው ተቆጣጣሪ ማስታወቅ ነው። ይህንም የሚፈጽመው በአዛዡ ሙሉ ሥልጣን ነው። ጉድለቱ የተገኘው በዚሁ ምዝገባ ላይ ነው።

ነገሩን በንግድ ቤት ምሳሌ እንየው። አንድ ባለ ንግድ ቤት ሠራተኞቹን የሚቆጥር መዝጋቢ ላከ እንበል። መዝጋቢው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የጌታው ማኅተም አስቀድሞ የተመታበት ባዶ ወረቀት እየሰጠ «ስምህንና ሥራህን ጻፍበት» ይላል። እውነተኛው ሚዛን ያዥ ስሙን ብቻ ጽፎ ይመልሳል። ነገር ግን አንድ የቀን ሠራተኛ «ሚዛን ያዥ» የሚል ጽሑፍ በደረቱ ለጥፎ ከግቢው ጥግ ቢቆም፥ መዝጋቢው ጽሑፉን ብቻ አይቶ ያንኑ ወረቀት ይሰጠዋል። ሰውየውም በስሙ ፈንታ «ካዝናው ይከፈትልኝ» ብሎ ይጽፍበታል። ማኅተሙ እውነተኛ ስለ ሆነ የሚከለክለው አይኖርም።

በኮምፒዩተሩም የሆነው ይኸው ነው። ረዳቱ አገልግሎቶችን በስማቸው ይለይ ነበር እንጂ፥ ፕሮግራሙ የተቀመጠበትን ሥፍራ አጥብቆ አይመረምርም ነበር። አነስተኛ ፈቃድ ያለው ተጠቃሚ፥ ማንም ሊጽፍበት በሚችለው ጊዜያዊ ማስቀመጫ ውስጥ የራሱን ፕሮግራም በታወቀ አገልግሎት ስም ያኖራል፤ የመረብ ጥሪ የሚጠባበቅ አስመስሎም ያስነሣዋል። ረዳቱ እትሙን ለመጠየቅ ሲል ያንኑ ፕሮግራም በአዛዡ ሥልጣን ያስኬደዋል። ከዚያ ወዲያ ያ ተጠቃሚ የክፍሉ ጌታ ነው፤ ሒሳቡን ያነባል፥ ይለውጣል፥ ይደመስሳል።

ጉድለቱ መለያ ቁጥሩ ሲቪኢ 2025-41244 ሲሆን፥ ክብደቱ ከ10 7.8 ተብሎ ተመድቧል። ኤንቪሶ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ እንዳስታወቀው፥ ዩኤንሲ 5174 በሚል መጠሪያ የሚታወቅ ቡድን ከጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ተጠቅሞበታል፤ ይኸውም ጉድለቱ ይፋ ከመሆኑ አንድ ዓመት ገደማ አስቀድሞ ማለት ነው። የአሜሪካ የሳይበር ደኅንነት መሥሪያ ቤትም ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም. በጥቃት ላይ ከዋሉት ጉድለቶች ጋራ መዝግቦት፥ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እስከ ኅዳር 11 ቀን እንዲያርሙ አዟል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ መታወቅ አለበት። ይህ ጉድለት የውጭውን በር አይከፍትም። አጥቂው አስቀድሞ በአንድ ተጠቃሚ ስም ወደ ውስጥ መግባት አለበት። አደጋው ለነጋዴ የሚከብደውም በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ባለ ንግድ ቤቶች የራሳቸውን የይለፍ ቃል አጥብቀው ይጠብቃሉ፤ የታናሹ ጸሐፊ የይለፍ ቃል ግን በወረቀት ተጽፎ ከጠረጴዛ ላይ ይለጠፋል፥ ሦስት ሰዎች በጋራ ይጠቀሙበታል፥ ሠራተኛው ከተሰናበተ በኋላም እንዳለ ይቀራል። እንዲህ ያለ ጉድለት ሲኖር ግን የታናሹ ቁልፍ የጌታው ቁልፍ ይሆናል።

ስለዚህ ምን ይደረግ? ቪኤምዌር በሌለበት በአንድ ኮምፒዩተር ብቻ የሚሠራ ባለ ሱቅ በዚህ ጉድለት አይነካም። ሰርቨር ያለው ወይም ከሌላ ድርጅት የሚከራይ አስመጪና ላኪ ግን ለባለሙያው ሦስት ጥያቄ በጽሑፍ ያቅርብ። ቪኤምዌር ቱልስ እንጠቀማለን ወይ? በአሪያ ኦፕሬሽንስ በኩል የአገልግሎት ምዝገባው ተከፍቷል ወይ? የታረመው እትም፥ ማለትም 12.5.4 ወይም 13.0.5 ተጭኗል ወይ? ኦፕን ቪኤም ቱልስ በሚባለው የሊኑክስ ረዳት የሚሠራ ደግሞ እርማቱን የሚያገኘው ከሊኑክሱ አዘጋጅ ነው።

በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ለ3 ወር ያህል ተቋርጦ እንደ ነበረ የሚዘነጋ የለም። መስመር በጠፋበት ዘመን እርማት በራሱ አይመጣም። መስመሩ ሲመለስ የመጀመሪያው ሥራ የታረመውን እትም ማስጫን፥ የሒሳቡንም ቅጂ ከሰርቨሩ ውጭ በሌላ ሥፍራ ማስቀመጥ መሆን አለበት።

ከሁሉም በፊት ግን የተጠቃሚዎች ዝርዝር ይመርመር። የሄደ ሠራተኛ ስም ይሰረዝ፤ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ የይለፍ ቃል ይሰጠው። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ፥ በዚህ ሳምንት ሊፈጸም የሚችል ሥራ ነው።