የህንዶች ባህላዊ ገበታ፦ ጥቅሙና ጉድለቱ

ስለ ህንድ ባህላዊ አመጋገብ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚወደሰው እርድና ሌላው ቅመም ነው። ትልቁ ጥቅም ግን የሚገኘው ሩዝ «ዳል» ከተባለው የምስር ወይም የሌላ ጥራጥሬ ወጥ ጋር አብሮ በመበላቱ ነው። ሩዝ ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ በላይሲን የበለጸገ ሲሆን የሚያንሰው ሜታዮኒን ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ ሥጋ የማይበላው ቤተሰብ የተሟላ ፕሮቲን ያገኛል።

በደቡብ ህንድ ሩዝና «ኡራድ» የተባለ ጥራጥሬ ተነክረው ይፈጩና ሊጡ ሲቦካ ያድራል፤ በእንፋሎት ሲበስል «ኢድሊ» ይሆናል። መብካቱ፣ በጤፍ እንጀራም እንደሚታየው፣ ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት ይቀንሳል።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2021 በህንድ በተካሄደው ብሔራዊ የቤተሰብ ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች 57 በመቶው የደም ማነስ ተገኝቶባቸዋል። መንስኤው አንድ ብቻ ባይሆንም፣ ከዕፅዋት የሚገኘው ብረት በቀላሉ ወደ ሰውነት አይገባም፤ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይም ይበልጥ ያግደዋል። ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ ከጥራጥሬም ከሩዝም አይገኝም። ስለሆነም ሥጋ የማይበላ ታካሚ እጅና እግሩን ሲደነዝዘው አመጋገቡን በዝርዝር መጠየቅ ይገባል፤ ፎሊክ አሲድ ብቻውን ቢታዘዝ የደም ማነሱን ሊያሻሽል ይችላል እንጂ የነርቭ ጉዳቱን አያቆምም።