እንግዳ በድንገት ሲመጣ ምን እናቅርብ?

አርብ ከቀኑ 11፡30 ላይ ስልክዎ ጮኸ እንበል። "ዛሬ ማታ ብቅ ልንል ነበር፣ ይመቻችኋል?" ይላል የቆየ ወዳጅዎ። አብረውት የሚመጡት ባለቤቱና የባለቤቱ እናት ናቸው። ባለቤቱ ምግብ የምታውቅ ሴት ናት፤ በርበሬው በደንብ መቁላላቱን፣ ቅቤው የቆየ መሆኑን በአንድ ጉርሻ ትለያለች። እናቷ ደግሞ ኦርቶዶክስ ስለሆኑ አርብን ይጾማሉ። እርስዎም "ኑ እንጂ፣ ደስ ይለናል!" ብለው ስልኩን ዘጉ። እንግዶቹ 1 ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። አሁን ምን ይሠራል?

ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ዶሮ ወጥ ነው። ለከበረ እንግዳ ሌላ ምን ሊቀርብ ነው ብለን እናስባለን። ይሁን እንጂ ዶሮ ወጥ ጊዜ የሚፈልግ ምግብ ነው። ዶሮውን በየብልቱ ማውጣት፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ፣ ያን ሁሉ ሽንኩርት አድቅቆ መክተፍና ቀስ ብሎ ማብሰል፣ ከዚያም በርበሬውን ማቁላላት አለ። ሽንኩርቱ ሳይበስል ከተጣደፉ ሽንኩርቱ ለብቻው፣ መረቁ ለብቻው ይሆናል፤ በርበሬውም ጥሬ ጥሬ ይላል። ይህን የምነግርዎ ደርሶብኝ ነው። አንድ ጊዜ በጥድፊያ የተሠራ ዶሮ አቀረብኩና እንግዳዬ እንቁላሉን ብቻ በእንጀራ በልታ በጨዋነት "ጠገብኩ" አለችኝ። እንዳልጠገበች እሷም እኔም እናውቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጊዜ ሲያጥር ረጅሙን ወጥ ለማሳጠር አልሞክርም። ከመጀመሪያውም አጭር የሆነውን ምግብ መርጬ እሱን በደንብ እሠራለሁ። በአገራችን ማዕድ ላይ እንዲህ ያሉ ምግቦች ጥቂት አይደሉም። ለዛሬው እንግዳ የምመርጠው ተጋቢኖ ሽሮ፣ አዚፋና ቲማቲም ፍትፍት ነው፤ ከእነሱ ጋር ለማይጾሙት ጥብስና አይብ ይቀርባል። ልብ ይበሉ፣ ሦስቱ የጾም ናቸው። ስለዚህ እናትዬዋ ከጥግ ተቀምጠው አንዲት ሰላጣ የሚቀርብላቸው ሰው አይሆኑም፤ የማዕዱ አብዛኛው ክፍል የእሳቸውም ነው። በቤታችን ጾም ስለማንጾም ይህን እንዘነጋለን፤ ሥጋውን ደርድረን ከጨረስን በኋላ "ውይ፣ ለካ ይጾማሉ!" ማለት እንግዳውንም እኛንም ያሳፍራል። ቅቤ የነካው ማንኪያ ወደ ሽሮው እንዳይገባ ይጠንቀቁ።

በመጀመሪያ ሥጋውን ያስቡ። አርብ ስለሆነ የሠፈርዎ ሉካንዳ ዝግ ሊሆን ይችላል፤ ፍሪዘር ውስጥ ያለው ግን በረዶ ነው። ግማሽ ኪሎ ያህሉን ውኃ በማያስገባ ላስቲክ አስረው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይንከሩት፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ውኃውን ይለውጡ። በአንድ ሰዓት ገደማ ይለቃል። ሙቅ ውኃ አይጠቀሙ፤ ውስጡ በረዶ እንደሆነ ላዩ ይበላሻል። ጨርሶ ሳይለቅ መክተፍ ደግሞ ይቀላል።

ሥጋው ውኃ ውስጥ እያለ አንድ ብርጭቆ ድፍን ምስር ለቅመውና አጥበው ይጣዱ። 25 ወይም 30 ደቂቃ ይበቃዋል። እስኪበስል ሰናፍጩን ያዘጋጁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሰናፍጭ ዱቄት አፍንጫ የሚሰነፍጠው ቀዝቃዛ ውኃ ከነካው በኋላ ጥቂት ቆይቶ ነው፤ ወዲያው ሎሚ ወይም የፈላ ውኃ ከገባበት ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ በትንሽ ቀዝቃዛ ውኃ ለውሰው 10 ደቂቃ ይተዉት። የበሰለውን ምስር አጠንፍፈውና አቀዝቅዘው ግማሹን በማንኪያ ጀርባ ይፍጩት፣ ግማሹ እንዳለ ይቅር። ከዚያ ሰናፍጩን፣ ሎሚውን፣ ደቆ የተከተፈ ሽንኩርትና ቃሪያ፣ ዘይትና ጨው ይጨምሩ። አዚፋ ዝግጁ ነው፤ ቀዝቅዞ ስለሚበላም ከእንግዲህ አያስቸግርዎትም።

ሽሮን "የዘወትር ምግብ ነው፣ ለእንግዳ አይቀርብም" የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሽሮ የሚናቀው በችኮላ ስለሚሠራ ነው። ሽንኩርቱን አድቅቀው በዘይት በደንብ ያብስሉ፣ ነጭ ሽንኩርት ይጨምሩ፣ ሽሮው በርበሬ የሌለው ከሆነም ጥቂት በርበሬ ያቁላሉ። አንድ ብርጭቆ ሽሮ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠው ቢጨምሩት አይጓጉልም፤ በጥቅሉ ሦስት ብርጭቆ ያህል ውኃ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ምስጢሩ ትዕግሥት ነው፦ በለስላሳ እሳት ቢያንስ 20 ደቂቃ፣ ዘይቱ ወደ ላይ እስኪወጣ። በ5 ደቂቃ የወጣ ሽሮ የዱቄት ጣዕም አለው፣ ሆድም ይነፋል። በመጨረሻ ቃሪያ ጣል አድርገው በትንሽ ሸክላ ድስት ይገልብጡትና እየተንተከተከ ማዕዱ ላይ ያድርሱት። ያ ድምፅና ያ እንፋሎት እንግዳውን ከመቅመሱ በፊት ይማርከዋል። ቅቤ ለሚወዱ ንጥር ቅቤ በትንሽ ሳህን ለብቻው ይቅረብ።

በሌላኛው ምድጃ ላይ ሁለት ሊትር ወተት ያሙቁ። ሊፈላ ሲል እሳቱን አጥፍተው የሁለት ወይም የሦስት ሎሚ ጭማቂ ቀስ እያሉ ያንጠባጥቡ። እርጎውና ውኃው ሲለያይ 10 ደቂቃ አቆይተው በንጹሕ ስስ ጨርቅ ያጥልሉት። ጨውና ጥቂት ኮረሪማ ቢጨመርበት ለጥብስ ጥሩ ማብረጃ ነው። እርግጥ ከአሬራ የሚወጣው አይብ ጣዕሙ ሌላ ነው። ምግብ የምታውቀው እንግዳ ወዲያው ስለምትለየው "የገጠር አይብ ነው" ብለው አይሞክሯት!

"ክትፎስ? እሱም እኮ ፈጣን ነው" ይሉ ይሆናል። ፈጣን ነው፤ ግን ከየት እንደመጣና መቼ እንደታረደ በደንብ የሚያውቁት ሥጋ ያስፈልገዋል። የኮሶ ትል በጥሬ የበሬ ሥጋ እንደሚተላለፍ እናውቃለን። ከእንግዶቹ መካከል ነፍሰ ጡር ካለች ደግሞ ጥሬውም ለብለቡም አይመከርም። በድንገተኛ ማታ ክትፎን ይለፉት።

ጥብሱ የመጨረሻው ነው። እንግዶቹ ገብተው፣ ሰላምታው አልቆ፣ ቆሎው ቀርቦ ጨዋታ ሲጀመር ነው እሳት ላይ የሚወጣው። ቀድሞ ተጠብሶ የጠበቀ ጥብስ ይደርቃል። የተከተፈውን ሥጋ በጨርቅ ወይም በሶፍት አድርቀው መጥበሻውን በጣም ያግሉት። ሥጋውን በአንድ ጊዜ አያፍስሱ፤ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ይሁን። መጥበሻው ከሞላ ሙቀቱ ይወርዳል፣ ሥጋው ውኃ ያወጣል፣ እርስዎም ጠበስኩ ሲሉ ቀቅለውት ያርፋሉ። ሁሉም ቡናማ ከሆነ በኋላ አንድ ላይ መልሰው በወፍራሙ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ የጥብስ ቅጠልና ጨው ይጨምሩ። ንጥር ቅቤው ልክ ሊወጣ ሲል ይግባ፤ ሽታው ከሳህኑ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ቲማቲም ፍትፍቱንም እንዲሁ አስቀድመው አይፈትፍቱ። ቲማቲሙን፣ ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውን፣ ሎሚውንና ዘይቱን ቀላቅለው ያስቀምጡ፤ እንጀራው የሚገባው ሰው እጁን ሲታጠብ ነው። ከቆየ ይልፈሰፈሳል።

በውጭ አገር ያላችሁና እንጀራ ከፍሪጅ የምታወጡ ደግሞ እርጥብ ንጹሕ ፎጣ ጠቅልላችሁ ማይክሮዌቭ ውስጥ ለግማሽ ደቂቃ ብታሞቁት ይለሰልሳል። ደረቅ እንጀራ መልካሙን ወጥ ሁሉ ያስወቅሳል።

ስልኩ ሌላ ቀንም መጮኹ አይቀርምና፣ ጊዜ ባለዎት አንድ ቅዳሜ ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ከትፈው በደንብ ያብስሉ፤ ግማሹን በዘይትና በበርበሬ አቁላልተው፣ ግማሹን አልጫ አድርገው ያውጡት። ሲቀዘቅዝ በትንንሽ ላስቲክ እየከፈሉ ቀንና ዓይነቱን ጽፈው ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡ። አንዷን ላስቲክ አውጥተው ቀይ ክክ ምስር ቢጨምሩባት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ምስር ወጥ ይደርሳል፤ የዛሬዋን ሽሮም በዚያው መሥራት ይቻል ነበር። ቁሌቱን ቅቤ ሳያስገቡ ይሥሩት፤ ለጾመኛውም ለሌላውም ያገለግላል።