የሞተር ቺንጋና አቀያየሩ

የሞተር ቺንጋ በሞተሩ አንድ ጫፍ ባለው ጠባብ ቦታ፣ በበርካታ ፑሊዎች ላይ ተጠማዞ የሚዞር የጎማ ቀበቶ ነው። ኃይሉን ከክራንክ ሻፍቱ ፑሊ ይቀበልና ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞ፣ በአብዛኞቹ መኪኖች ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን የውሃ ፓምፕ፣ መሪውን የሚያቀለውን የዘይት ፓምፕና የኤሲውን ኮምፕረሰር ያዞራል። ሞተሩ ተነሥቶ እስኪጠፋ ድረስ ለአፍታም አያርፍም። በሞተሩ ሽፋን ውስጥ ተደብቆ የቫልቮቹን ጊዜ ከሚጠብቀው ታይሚንግ ቺንጋ ጋር መምታታት የለበትም። ያኛው በአቀማመጡ አንድ ጥርስ ቢሳሳት ሞተር ሊያበላሽ ስለሚችል ሥራው የባለሙያ ነው። በአንዳንድ የቶዮታ ናፍጣ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ የሚበራው የቲ-ቤልት መብራትም የሚያስጠነቅቀው ስለ ታይሚንግ ቺንጋው እንጂ እዚህ ስለሚነገርለት ስለ ውጪው ቺንጋ አይደለም።

ቀደም ባሉት ዘመናት ዲናሞው፣ የመሪው ፓምፕና ኮምፕረሰሩ ለየብቻቸው ቀጭን፣ ተቆርጦ ሲታይ ወደ ውስጥ የሚጠብ ቺንጋ ነበራቸው። አንዱን ለመቀየር ከፊቱ ያሉትን ሁሉ ማውለቅ ያስፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ፎርድ ሙስታንግ ሁሉንም በአንድ ረጅም፣ ሰፊና ባለ ብዙ መስመር ቺንጋ በማዞር ከመጀመሪያዎቹ ተርታ ተሰለፈ፤ ከዚያ በኋላ ሌሎች አምራቾችም ተከተሉ። በምዕራብ ጎጃም፣ ከደንበጫ እስከ ቡሬ ባለው መንገድ ላይ ሁለቱም ዓይነት እስከ ዛሬ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ሃርድ ቶፕ ላንድ ክሩዘርና ዶልፊን የሚባለው የቆየ ሚኒባስ በአብዛኛው የቀድሞውን ዓይነት ይዘዋል፤ አባዱላ የሚባለው ሚኒባስና ቪትዝ ደግሞ ባለ መስመሩን። የከተማውን ሰው የሚያመላልሰው ባጃጅ ይህን መሰል ቺንጋ ጨርሶ የለውም።

የባለ መስመሩ ቺንጋ ማንነት በጀርባው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ለምሳሌ 7ፒኬ1473 የሚል ጽሑፍ ቢኖር የመጀመሪያው ቁጥር ሰባት መስመር እንዳለው፣ ፒኬ የሚለው የመስመሮቹን ቅርጽ፣ የመጨረሻው ደግሞ ርዝመቱ 1,473 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይናገራል። በአንዱ መስመርና በቀጣዩ መካከል ያለው ርቀት 3.56 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ጽሑፉ ተፍቆ ካልተነበበ የመኪናውን ሞዴል፣ ዓመተ ምርትና የሞተር ዓይነት ይዞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ተመሳሳይ መኪና ኤሲ ያለውና የሌለው ከሆነ የቺንጋው ርዝመት ሊለያይ ስለሚችል «የቪትዝ ቺንጋ» ብሎ መግዛት ብቻውን አይበቃም።

በምዕራብ ጎጃም ለሚነዳ ሰው ይህ ቀበቶ ከሌላው ቦታ ይልቅ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በደጀንና በጎሃ ጽዮን መካከልም የዓባይ በረሃ ይጠብቃል። ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚሄደውም መንገድ ዓባይን መሻገሩ አይቀርም። በሁለቱም መንገዶች ለረጅም ጉዞ የተነሣ መኪና መጀመሪያ ብዙ መቶ ሜትሮችን ቁልቁል ይወርዳል፤ ከዚያ በቆላው ሙቀት ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። በአቀበቱ ላይ ሞተሩ በከባድ ማርሽ ብዙ እየዞረ ፍጥነቱ ግን ዝቅተኛ ስለሆነ በራዲያተሩ የሚያልፈው ነፋስ ትንሽ ነው። በዚያ ሰዓት ሞተሩን ከመጋል የሚያድኑት የውሃ ፓምፑና ፋኑ ናቸው። ቺንጋው እነሱን በሚያዞርበት መኪና ላይ ቢበጠስ የሙቀት መለኪያው በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሹፌሩ «እስከ ደጀን ልድረስ» ብሎ ከቀጠለ ቴስታታው ሊጣመም ይችላል።

ቁልቁለቱ ላይ ያለው አደጋ ግን ከዚህ የበለጠ ነው፤ የሚያውቀውም ሰው ጥቂት ነው። በብዙ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች የፍሬን ማገዣውን የሚያንቀሳቅሰው የቫኩም ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ የተገጠመ ነው። ቺንጋው ሲበጠስ ዲናሞው ይቆማል፤ ፓምፑም አብሮ ይቆማል። በማገዣው ውስጥ የቀረው ቫኩም ለጥቂት ረገጣ ብቻ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ይደርቃል፤ መኪናውን ለማቆምም እጅግ ከባድ የእግር ኃይል ይጠይቃል። መሪውም በዘይት የሚታገዝ ከሆነ በዚያው ቅጽበት ይከብዳል። ሰው የጫነ ሚኒባስ በበረሃው ጠመዝማዛ ላይ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲደርስበት ማሰብ ያስፈራል። ስለዚህ በቁልቁለት ላይ የባትሪው ቀይ መብራት ከበራ መብራቱን የኤሌክትሪክ ብልሽት ብቻ አድርጎ ማለፍ አይገባም፤ ወዲያውኑ ማርሽ ቀንሶ፣ ፍሬኑን ደጋግሞ ሳይረግጡ በአንድ ጥብቅ ረገጣ ዳር ይዞ መቆም ያስፈልጋል።

ቺንጋ አብዛኛውን ጊዜ ከመበጠሱ በፊት ምልክት ይሰጣል። ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ፣ ዝናብ ሲነካው ወይም መሪው እስከ መጨረሻ ሲዞር የሚሰማው ረጅም ጩኸት ቺንጋው መንሸራተቱን ያሳያል። አጭርና ተደጋጋሚ ጭር ጭር የሚል ድምፅ ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከፑሊዎቹ አንዱ ከመስመር ወጥቷል። ሁለቱን ለመለየት ቀላል መንገድ አለ፦ ሞተሩ እየሠራ፣ እጅና ልብስ ከሚዞሩት ክፍሎች ርቀው፣ በመስመሮቹ ላይ ትንሽ ውሃ መርጨት። ድምፁ ለጥቂት ጊዜ ጠፍቶ ከተመለሰ ጥፋቱ የፑሊ አሰላለፍ ነው፤ ከባሰ ቺንጋው ላልቷል። ጩኸቱን ለማስቆም ሳሙና ወይም ግራሶ መቀባት ድምፁን ለቀናት ያፍናል፤ ጎማውን ግን ይጎዳል፣ አቧራም ይሰበስባል።

በዓይን ማየቱ ሁልጊዜ አይበቃም። በድሮው የኒዮፕሪን ጎማ የተሠራ ቺንጋ ሲያረጅ በግልጽ ይሰነጣጠቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የተለመደው ኢ.ፒ.ዲ.ኤም. የተባለው ጎማ ግን ሳይሰነጠቅ እንደ መኪና ጎማ እየተበላ ያልቃል። የመስመሮቹ መካከል ሲሰፋና ጫፋቸው የፑሊውን ጎድጓዳ ታች ሲነካ መያዝ ያቅተዋል፤ ከውጭ ሲያዩት ግን ደህና ይመስላል። ጥሩ ቺንጋ በምቹ ሁኔታ እስከ 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል። ከጃቢ ጠህናንና ከወምበርማ ቀበሌዎች በቆሎና በርበሬ ለማውጣት በኮረኮንች የሚመላለስ መኪና ግን ይህን ቁጥር ማመን የለበትም፤ የበጋው አቧራ በመስመሮቹ ውስጥ ገብቶ ይሞርደዋል፣ የክረምቱ ጭቃም ይጨምርበታል። ከሞተሩ የሚንጠባጠብ ዘይት ደግሞ ጎማውን ያለሰልሰዋል፤ ፍሳሹ ሳይደፈን አዲስ ቺንጋ ማሰር ገንዘብ መጣል ነው።

ቺንጋውን የመቀየሩ ሥራ በአምራቹ ወኪል፣ በአካባቢው ጋራዥ ወይም በቤት ግቢ ሊሠራ ይችላል። የቶዮታ ወኪል የሆነው ሞኤንኮ ዋና ማዕከሉ አዲስ አበባ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚገኘው ትልቁ ጥቅም ትክክለኛው ዕቃና የአምራቹ መለኪያ ነው፤ ለአንድ ቺንጋ ሲባል ብቻ ከፍኖተ ሰላም እዚያ ድረስ መሄድ ግን አያዋጣም። የከተማው መካኒክ ሥራውን በሚገባ ይችለዋል። የሚቸግረው ዕቃው ነው። ተፈላጊው ቁጥር በአካባቢው ካልተገኘ አዲስ አበባ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ተደውሎ በአውቶቡስ ይላካል። ሲገዛ ቁጥሩ በግልጽ መታተሙን፣ መስመሮቹ እኩል መሆናቸውንና ጎማው በመደርደሪያ ብዛት አለመድረቁን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለ አሁን ያሉት መኪኖች ገና ብዙ ዓመት እየተጠገኑ መሄዳቸው ነው፤ ትክክለኛ ዕቃ መምረጥም የዚያኑ ያህል ዋጋ አለው።

በቤት የሚቀይር ሰው ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል፣ ቁልፉን ይነቅላል፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ይፈታል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የድሮው ቺንጋ በየትኛው ፑሊ በየት በኩል እንደሚያልፍ መመዝገብ አለበት። በብዙ መኪኖች ኮፈኑ ሥር የተለጠፈ ሥዕል አለ፤ ከሌለ በስልክ ፎቶ ማንሳት ወይም በወረቀት መሣል። ይህን ትንሽ ሥራ የዘለለ ሰው ቺንጋውን ካወለቀ በኋላ ግማሽ ቀን ሊያጠፋ ይችላል። የተሳሳተ አዟዟር ደግሞ የውሃ ፓምፑን በተቃራኒው እስከ ማዞር ይደርሳል።

አወላለቁ በወጣሪው ዓይነት ይወሰናል። በስፕሪንግ የሚሠራ ቴንሽነር ካለው ረጅም ቁልፍ በክንዱ ላይ ገብቶ ክንዱ ሲገፋ ቺንጋው ይላላል፤ ለእጅ ከሚቀርበው ፑሊ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ክንዱ ቀስ ተብሎ ይለቀቃል። ስፕሪንጉ ጠንካራ ስለሆነ ቁልፉ ካመለጠ ጣት ይሰብራል። በእጅ በሚወጠረው ዓይነት ግን በመጀመሪያ የዲናሞው ወይም የወጣሪው ማጥበቂያ ቡሎን ይላላል፤ ከዚያ ማስተካከያው ቡሎን ይዞራል። በሁለቱም ቺንጋውን በካቻቢቴ እየፈለቀቁ ማውጣትም ሆነ ማስገባት ውስጡ ያሉትን ክሮች ይቆርጣል።

ቺንጋው ወጥቶ ሳለ እያንዳንዱን ፑሊ በእጅ ማዞር ከሥራው ሁሉ የሚጠቅመው ክፍል ነው፤ የሚዘለለውም እሱ ነው። የሚሻክር፣ የሚንቋቋ ወይም የሚወዛወዝ ካለ ኩሽኔታው አልቋል። ከውሃ ፓምፑ ዘንግ ሥር የውሃ ፍሳሽ ከታየ ፓምፑም አብሮ መቀየር አለበት። ብዙ አዲስ ቺንጋ በወራት የሚበጠሰው በራሱ ድክመት ሳይሆን በተያዘ ፑሊ ምክንያት ነው። በፑሊዎቹ ጎድጓዳ የተጋገረው አቧራና የጎማ ፍርፋሪም በብሩሽ ይጠረጋል።

አዲሱ ሲታሰር ባለ መስመሩ ገጽ ባለ ጎድጓዳ ፑሊዎች ላይ፣ ለስላሳው ጀርባ ደግሞ ለስላሳ ፑሊዎች ላይ ያርፋል። ከክራንክ ሻፍቱ ይጀመርና ለመድረስ በሚቀለው ለስላሳ ፑሊ ይጨረሳል። ከዚያ በጣት እየዳሰሱ እያንዳንዱ መስመር በየጎድጓዳው መግባቱን ማረጋገጥ፤ በአንድ መስመር ብቻ ወደ ጎን የተቀመጠ ቺንጋ ብዙም ሳይሄድ ጠርዙ ይበጫጨቃል። በእጅ የሚወጠረው ዓይነት በሁለት ፑሊዎች መካከል በአውራ ጣት ጠንከር ተደርጎ ሲጫን 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢረግብ በአብዛኛው ልክ ነው፤ የመኪናው መመሪያ ሌላ መለኪያ ከሰጠ ግን እሱ ይከተላል። ከመጠን በላይ ማክረር የዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን ኩሽኔታ ይበላል።

ባትሪው ታስሮ፣ መሣሪያዎች ከሞተሩ ውስጥ መውጣታቸው ታይቶ ሞተሩ ይነሣል። የባትሪው መብራት መጥፋት፣ መሪው መቅለል፣ ቺንጋውም ሳይንገዋለል ቀጥ ብሎ መዞር አለበት። በእጅ የሚወጠር አዲስ ቺንጋ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ትንሽ ስለሚረዝም ወደ ዓባይ ከመውረዱ በፊት ውጥረቱ እንደገና ይለካል። ያልተበጠሰው አሮጌ ቺንጋም ከነቁጥሩ ከክሪኩ ጋር ይቀመጥ፤ በበረሃው ውስጥ የተቸገረን ሹፌር እስከሚቀጥለው ከተማ ያደርሰዋል።