ዋጋ ሲወደድ ከብት ለምን ከገበያ ይጠፋል?

ወደ ክብረ መንግሥት፣ ነገሌና ያቤሎ ከብት ሊገዛ የሚወርድ የመሐል አገር ነጋዴ አንድ የቆየ እሮሮ አለው። «ዋጋ ጨምሬ ብጠራም አርብቶ አደሩ ከብቱን አያወጣም፤ ገበያ አያውቅም» ይላል። ይህ አባባል ስህተት ብቻ ሳይሆን ለኪሳራ የሚዳርግ ነው። አርብቶ አደሩ ገበያ ያውቃል፤ ሂሳቡን የሚሠራው ግን ለራሱ ብቻ አይደለም።

ከቀላሉ እንጀምር። አርብቶ አደሩ ከብት የሚሸጠው በአብዛኛው እህል ለመሸመት፣ ለሕክምና ወይም ለልጆች ትምህርት ነው። ሁለት ወይፈን ይሸፍን የነበረውን ወጪ አንዱ ከሸፈነው፣ ሁለተኛው ከበረት የሚወጣበት ምክንያት የለም።

ዋናው ምክንያት ግን ከብቱ የባለቤቱ ብቻ አለመሆኑ ነው። በቦረና ከብቱ ያለቀበት ሰው ለጎሣው አቤት ይላል። ሽማግሌዎች ጉዳዩን መርምረው፣ ካላቸው ላይ ተዋጥቶ እንዲሰጠው ይወስናሉ። ይህ ሥርዓት ቡሳ ጎኖፋ ይባላል፤ በጉጂም ይታወቃል። «ደባሬ» በሚባለው ልማድ ደግሞ ሀብታሙ የምትታለብ ላም ለቸገረው ሰው ያውሳል። ወተቱ የተዋሹ ነው፤ ላሟና ጥጃዋ ግን የባለቤቱ ናቸው።

ውሃም እንዲሁ ነው። በጥልቆቹ የቱላ ጉድጓዶች ሰዎች አንዱ ከሌላው በላይ ተደርድረው ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ያወጣሉ። ተራውን የሚያስከብረው «አባ ሄረጋ» ነው። የመቶ ከብት ጌታ ቢሆን እንኳ ብቻውን መንጋውን ማጠጣት አይችልም።

እንግዲህ ለዘመድ የተሰጠች ጊደር ምጽዋት ሳትሆን አረቦን ነች። የመርካቶ ነጋዴ ለዕድሩ በየወሩ ከሚከፍለው መዋጮ የምትለየው በመጠን እንጂ በዓይነት አይደለም። ጊደሯን ሸጦ ብሩን የደበቀ ሰው ዛሬ ያተርፍ ይሆናል፤ ነገ ሲቸግረው ግን አቤት የሚልበት ደጅ አይኖረውም።

ይህ ጉዳይ የቦረና ብቻ አይደለም። የኤኮኖሚ ምሁሩ አቭነር ግራይፍ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው ጥናት በመካከለኛው ዘመን በሜዲትራኒያን ባሕር ይነግዱ የነበሩ ሁለት ወገኖችን አነጻጽሯል። ማግሪቢ የተባሉት አይሁድ ነጋዴዎች አንዱን ያታለለ ወኪል ሁሉም እንዳያሠሩት በማደም እምነትን ያስከብሩ ነበር። የጄኖዋ ነጋዴዎች ግን እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው ስለሚሠሩ ውልና ፍርድ ቤት አስፈለጋቸው። የመጀመሪያው መንገድ ወጪው ትንሽ ነው፤ ከክበቡ ውጭ ያለውን ሰው ግን አያስገባም። ሁለተኛው ወጪው ይበዛል፤ ከማያውቁት ሰው ጋር ግን ያነግዳል።

የመሐል አገር ገዢ ከእነዚህ ሁለት ሥርዓቶች መካከል ቆሟል። በኪሱ ውል ይዟል፤ የሚገዛው ግን ስምን ከሚጠብቅ ማኅበረሰብ ነው። የአንዱን ሻጭ ቀሪ ሂሳብ ያቆየ ገዢ የተቀያየመው ከአንድ ሰው ጋር ይመስለዋል። ወሬው ግን ከእርሱ ቀድሞ ከሚቀጥለው ገበያ ይደርሳል። የአገሬው ደላላ የሚፈለገውም ዋጋ ለማስማማት ብቻ ሳይሆን ስሙን ለዋስትና ስለሚያቀርብ ነው።

ሆኖም መረዳዳት ወሰን አለው። አንዱ ሲጎዳ ሌላው የሚያነሣው ሌላው ደኅና ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ድርቁ ሰጪና ተቀባይን አልለየም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሻጭ ሲሆን የከሳ ከብት ዋጋ ይወድቃል፣ እህል ይወደዳል።

እ.ኤ.አ. በ2012 በቦረና የተጀመረው የእንስሳት መድን ይህን ክፍተት ለመሙላት ታስቦ ነው። በኦሮሚያ ኢንሹራንስ በኩል የቀረበው ይህ መድን የሞተ ከብት አይቆጥርም። የግጦሹን ልምላሜ በሳተላይት ለክቶ፣ ከተወሰነው መጠን ሲወርድ ካሳ ይከፍላል። ውሉ የግለሰብ ነው፤ የጎሣውን ሥርዓት ግን አይተካም። በሽታና ዘረፋን ጎሣ፣ አገር አቀፍ ድርቅን መድን ቢሸከሙ ይደጋገፋሉ።

ለነጋዴው ትምህርቱ ግልጽ ነው። ድርቅን ጠብቆ በርካሽ መግዛት የአንድ ሰሞን ትርፍ ነው። ላሞቹ ካለቁ ለአዳማ ማድለቢያዎች የሚቀርበው ወይፈን ለዓመታት ይጠፋል። ድርቁ ሳይጠና መግዛትና ሂሳብን በዕለቱ መዝጋት ግን ስም ያተርፋል። በዚያ ገበያ ደግሞ ስም ራሱ ካፒታል ነው።