ቫይታሚን ዲ ለአስም ሕሙማን ይጠቅማልን?

የሰበካ ጉባኤ ለችግረኛ ሕሙማን የሚሰጠው ርዳታ ከምእመናን የተሰበሰበ በመሆኑ በሚገባው ነገር ላይ ሊውል ይገባል። አስም ላለበት ሰው ቫይታሚን ዲ ይገዛለት የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ጉባኤው የሚከተለውን ቢያስተውል መልካም ነው።

ቫይታሚን ዲ ሰውነት ካልሲየምን ከምግብ ወስዶ አጥንትን እንዲያጠነክር ያግዛል። ቆዳችን በፀሐይ ብርሃን ያዘጋጀዋል፤ በጥቂቱም ከእንቁላል አስኳል፣ ከጉበትና ቅባት ካላቸው ዓሦች ይገኛል። ስለዚህ ከቤት የማይወጣ ሕመምተኛ ሊያጥረው ይችላል።

እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ኮክሬን የተባለው የጥናት ተቋም ዘጠኝ ጥናቶችን መርምሮ፣ ቫይታሚን ዲ ብርቱ የአስም ጥቃትን ሳይቀንስ አይቀርም ብሎ ነበር። በ2023 ዓ.ም. ግን ሃያ ጥናቶችን አሰባስቦ ሲመረምር ይህ ጥቅም አልተገኘም። በጥናቶቹ ብርቱ አስም ያለባቸውና የቫይታሚኑ እጥረት እጅግ የጸናባቸው ሰዎች ጥቂቶች ስለነበሩ፣ የእነርሱ ጉዳይ ገና ተጨማሪ ምርመራ ይሻል። እጥረት በምርመራ የተገኘበት ሰው ግን ለአጥንቱ ጤና ሲል በሐኪም ትእዛዝ ይውሰድ። ያለ ልክ መውሰድ በደም ውስጥ ካልሲየምን አብዝቶ ኩላሊትን ይጎዳል።

አስም የአየር ቧንቧዎች መቆጣትና መጥበብ ነው። ቁጣውን የሚያበርደው እንደ ቤክሎሜታዞን ያለ፣ በአፍ እየተሳበ በየዕለቱ የሚወሰድ መድኃኒት ነው። ሳልቡታሞል የጠበበውን ቧንቧ ፈጥኖ ይከፍታል፤ ቁጣውን ግን አያበርድም። ሕመምተኛው ተሽሎኛል ብሎ የዕለቱን መድኃኒት ቢያቋርጥ ጥቃቱ ይመለሳል።

ጭስም ሕመሙን ይቀሰቅሳል። በአዊ ዞን ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል ማክሰል የብዙ ገበሬዎች መተዳደሪያ ነው። በግምጃ ቤትና በአካባቢው ያሉ የአስም ሕሙማን ከከሰል ማክሰያ ስፍራና በጭስ ከታፈነ ማድቤት ይራቁ። የዕጣን ጭስ የሚያስቸግራቸው ካህናትና ምእመናንም አየር በሚገባበት በኩል ይቁሙ፤ መድኃኒታቸውም ከእጃቸው አይለይ።

ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረዋል፤ ምክሩ ለአስም ሕሙማንም ይጠቅማል።

እንግዲህ የርዳታው ገንዘብ በአፍ ለሚሳበው መድኃኒትና ለሕክምና መጓጓዣ ይቅደም። ትንፋሽ አጥሮት ዐረፍተ ነገር መጨረስ ያቃተው ወይም ከንፈሩ የጠቆረ ሰው ሲያጋጥም ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።