ሰማይም ድንበር አለው

በካሊፎርኒያዋ ሳንዲያጎ፣ ከሞንትጎመሪ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ አንድ ባለ 12 ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ተሠራ። ቁመቱ 180 ጫማ ነበር። የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ግን ከ160 ጫማ ያለፈው ሁሉ ለበረራ አደጋ ነው ብሎ ነበር። ከብዙ ውዝግብ በኋላ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. የሕንፃው አናት ፈርሶ ወደ 160 ጫማ ዝቅ አለ። ይህ የ6 ሜትር ያህል ልዩነት ለመንገደኛ ምንም አይደለም፤ አየሩ ሲከፋ ለማረፍ ዝቅ ብሎ ለሚዞር አብራሪ ግን የሕይወት ጉዳይ ነው።

ክልከላው በዘፈቀደ የሚወጣ አይደለም። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመዘኛ፣ በትልልቅ ማረፊያዎች ዙሪያ እስከ 4 ኪሎ ሜትር ድረስ ከማረፊያው ከፍታ 45 ሜትር በላይ የማይታይ ጣሪያ ተዘርግቷል። አውሮፕላኑ በሚመጣበት አቅጣጫ ደግሞ ገደቡ ይጠብቃል። ከመንደርደሪያው ጫፍ 60 ሜትር ላይ ይጀምርና በየ100 ሜትሩ 2 ሜትር ብቻ ከፍ ይላል፤ ከዚያ ነጥብ አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ እንኳ ገና 20 ሜትር ነው። ስለዚህ ክሬን፣ አንቴና፣ ያደገ ዛፍም ሳይቀር ይለካል።

ቁመት ብቻም አይደለም። ቆሻሻ መጣያ አሞራ ይጠራል፤ አሞራ ሞተር ውስጥ ይገባል። አሜሪካ ጄት በሚያርፍበት መንደርደሪያ በ10,000 ጫማ ክልል የሚገኝ የቆሻሻ መጣያ፣ ለአውሮፕላን የወፍ አደጋ እንደማይፈጥር እንዲያረጋግጥ ታስገድዳለች። ትምህርት ቤትና ሆስፒታልም ከጩኸቱ መራቅ አለባቸው።

ለባለ መሬቱ ክልከላው ከባድ ነው፤ ገደቡን ከመሠረት በፊት ማሳወቅ የከተማው ግዴታ መሆን ያለበትም ለዚህ ነው። የሆንግ ኮንግ ካይ ታክ አውሮፕላን ማረፊያ በ1998 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ፣ ለዓመታት አጥረው የኖሩት በዙሪያው ያሉ የካውሉን ሕንፃዎች ወደ ላይ መርዘም ጀመሩ።