ማውሱ ቢቆም ሂሳቡ አይቁም

የሰሊጥ ምርት በሚገባበት ሰሞን ከገለጉና ከመተማ የሚሸምት ነጋዴ የዕለቱን ሚዛንና ክፍያ በዕለቱ መመዝገብ አለበት። ከአራሽ የተገዛው ኩንታል፣ ለደላላ የታሰበው ኮሚሽን፣ ለመኪና ጭነት የወጣው ብር ሳይመዘገብ ካደረ በማግስቱ ጭቅጭቅ ይሆናል።

በኢትዮጵያ ብዙ ድርጅቶች ሂሳባቸውን የሚይዙት ለዓመታት በለመዱት ፒችትሪ ነው። ይሁን እንጂ ፒችትሪ ከ2013 እ.ኤ.አ. እትሙ ጀምሮ ሴጅ 50 ተብሏል፤ ማይክሮሶፍትም ለዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ በሚያዝያ 2014 እ.ኤ.አ. አቁሟል። በመሆኑም አሮጌውን ፕሮግራም በአዲስ ኮምፒዩተር ማሠራት ለሚፈልግ አንዱ መንገድ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በኮምፒዩተሩ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒዩተር የሚሠራ ሶፍትዌር ነው። ቨርቹዋልቦክስና ቪኤምዌር የታወቁት ናቸው።

መብራት ጠፍቶ ዩፒኤሱ መጮህ ሲጀምር የቨርቹዋል ማሽኑን ሥራ ባለበት አስቀምጦ መዝጋት ይቻላል። ችግሩ የሚመጣው ሲከፈት ነው። ስክሪኑ ሥራው እንደቆመበት ይመለሳል፤ ማውሱ ግን አይንቀሳቀስም፣ ወይም ጠቋሚው ከእጅ ጋር አይሄድም። የተቀመጠው የውስጡ ማሽን ማውሱን የሚያውቀው በተዘጋበት ሰዓት በነበረበት ሁኔታ ሲሆን፣ በመሀሉ የዩኤስቢ ማውሱ ተነቅሎ ወይም ቨርቹዋልቦክሱ በአዲስ እትም ተተክቶ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው ቶሎ የሚለው «አጥፍተህ ክፈተው» ነው። ኪሳራውም ከዚህ ይጀምራል። የተቀመጠውን ሁኔታ መሰረዝ ወይም ማሽኑን በግድ ማጥፋት ከኮምፒዩተር ላይ ሶኬት እንደ መንቀል ነው፤ ሴቭ ያልተደረገ ደረሰኝ ይጠፋል፣ የሂሳብ ፋይሉም ሊበላሽ ይችላል።

ማውሱ ቢቆምም ኪቦርዱ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። ስለዚህ ሂሳብ ሠራተኛው አስቀድሞ በአልትና በታብ ቁልፎች እየተመራ ሥራውን ሴቭ ያድርግ። ቀጥሎ በቨርቹዋልቦክስ የቀኙን ኮንትሮል፣ በቪኤምዌር ኮንትሮልና አልትን በአንድነት ተጭኖ ማውሱን ከውስጠኛው ማሽን ያስለቅቅና መልሶ መስኮቱን ይጫን። በቨርቹዋልቦክስ የቀኙ ኮንትሮልና የ«አይ» ፊደል በአንድነት ሲጫኑ የማውስ ማቀናጃው ይጠፋል ወይም ይበራል፤ ይህም መሞከር አለበት።

ይህ ሁሉ ካልሠራ የውስጡን ዊንዶውስ በኪቦርድ በሥርዓት ሻትዳውን አድርጎ እንደገና ማስነሳት ይገባል። በቨርቹዋልቦክስ የማውሱን ዓይነት ከፒኤስ ቱ ወደ ዩኤስቢ ታብሌት መቀየር የሚቻለውም ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ነው፤ ሥራው ባለበት ተቀምጦ ሳለ ማስተካከያው ይቆለፋል። «ጌስት አዲሽንስ» የተባለው ረዳት ሶፍትዌርም ከቨርቹዋልቦክሱ እትም ጋር እኩል መታደስ ይኖርበታል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን በንዴት ወደ ቆየ ስናፕሾት መመለስ ነው። ሰኞ የተወሰደ ስናፕሾት ሐሙስ ቢመለስ ማውሱ ሊሠራ ይችላል፤ ከሰኞ ወዲህ የተመዘገበው ግዢና ክፍያ ግን ከመዝገቡ ይጠፋል። ገንዘቡ ወጥቷል፣ ሰሊጡ ተጭኗል፣ ማስረጃው የለም። ስለዚህ የፒችትሪው ባክአፕ በየማታው ከቨርቹዋል ማሽኑ ውጭ በፍላሽ ወይም በሌላ ኮምፒዩተር ይቀመጥ። ሥራው ሲቀጥልም ከመጀመሪያው ደረሰኝ በፊት የውስጡን ማሽን ቀንና ሰዓት ማየት ያስፈልጋል፤ ከተዘጋበት ሰዓት ላይ ቆሞ ሊገኝ ይችላልና።